ታጥቦ የመጣው ናሙና

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። በሩን ገርበብ ስታደርጉት ከወንዝ ሥር የወጣ ጥቁር ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ፣ ምኑ ቅጡ፣ ተደባልቆ አፍንጫችሁ ላይ ይለጠፋል። ክፍሏ የአሸዋ መመርመሪያ ትባላለች። አንድ መስኮት፣ አንድ ማድረቂያ ምድጃ፣ አንድ ሚዛን፣ በላይ በላዩ የተደራረቡ ሰባት ወንፊቶች፣ በቃ ይኸው ነው። እዚያ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትነፋ የኖረችውን ልጅ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሠራተኛው ሁሉ "ወንፊቷ" ይላታል። ስሙን ለምዳዋለች። ሽታውን ግን እስከ ዛሬ አልለመደችውም። ቤቷ ገብታ እጇን በሳሙና ሦስቴ ፈትጋ ታጥባ፣ ጣቶቿን ስታሸት ያው ነው። ያንገሸግሻታል።

ታዲያ ለምን አትለቅም ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ ከከረጢቶቹ አንገት ላይ ታስሮ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ድሬጀር የሚሉትን ተንሳፋፊ ማሽን ሊያስገባ አቅዷል፤ የወንዙን ሥር በወፍራም ቱቦ እየመጠጠ አሸዋና ጠጠር የሚተፋ ጉድ። ማሽኑ ከየት እንደሚጀምር፣ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ ከዳርቻው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቆሻሻው ውሃ የት እንደሚጠራቀም የሚያቅደው ኢንጂነሩ ነው። ኢንጂነሩ ወንዙን በቱቦ እየወጋ ናሙና ያወጣል፣ በከረጢት ያደርጋል፣ ካርድ አስሮ ወደ ወንፊቷ ይልካል። ካርዱ ላይ ቁጥር እንጂ ቦታ አይጻፍም። የምትነፋው ሰው አሸዋው ከየት እንደመጣ ካወቀች እጇ ሊያዳላ ይችላል ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።

ፊት ለፊቱ ቁጥር ነው። ጀርባው ግን የፍቅር ደብዳቤ ነው።

"ዛሬ በመስኮትሽ ሳልፍ ቀና አላልሽም። ቀኑ እንዲሁ ባከነብኝ።" ይሄ ቁጥር ስምንት ነው። "ስትነፊ አቧራው ፀጉርሽ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ሰው በአቧራ ይቀናል?" ይሄ ደግሞ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሆናቸው። ካርዶቹን ከምድጃው ጀርባ በቆርቆሮ ሳጥን ታስቀምጣለች፤ አንዳንዴ አውጥታ ስታነብ ጭቃ ጭቃ ይሸታሉ፣ ያኔ ብቻ ሽታው አያስጠላትም።

ግን ከካርዱ ጀርባ ወጥቶ አያውቅም፣ ፍቅራቸው። ኢንጂነሩ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ነው። እናቱ ከእነሱ ቢጤ ቤተሰብ ልጅ እያማረጠችለት ነው። እሷ ደግሞ የአሸዋ አውጪ ልጅ ናት፤ አባቷ "ጋሽ መቅዘፊያ" አርባ ዓመት በጀልባና በአካፋ አሸዋ ያወጣ፣ አሁን ለናሙናው ሥራ በቀዛፊነት የተቀጠረ ሰው ነው። "ለእናቴ የምነግርበት ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" ይላታል ኢንጂነሩ። እሷም ትሰጣለች። ትንሿ ጊዜ ስምንት ወር ሞላት፣ እሷም ውስጥ ውስጡን መቁሰል ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት የስብሰባው ክፍል ተጠራች። ውጤቱን ይዘሽ ነይ ተባለች።

ባለቤቱ ቁርሱን እየበላ ነበር። የተጠበሰ ሥጋ፣ ከነአጥንቱ፣ የት ላይ አስቀምጦ መሰላችሁ? የወንዙ ካርታ ላይ! ቅባቱ ወረቀቱን በልቶት ወንዙ መሀል ቢጫ ሐይቅ ሠርቷል። ሰውየው ሁልጊዜ ጥርሱን ስለሚጎረጉር ሠራተኛው ከጀርባው "ስቴኪኒ" ይለዋል። አሁንም ያቺን እንጨት ከአፉ አውጥቶ፣ ጫፏ ላይ የሥጋ ቃጫ ተንጠልጥሎ፣ ካርታው ላይ ሰካት።

"እዚህ ጋ!" አለ ጣቱን እየላሰ። "ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አምስት። ንጹሕ ጠጠር! ከላይ እስከ ታች! አንቺው ነሽ የፈረምሽበት፤ አየሽ?"

አየች። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። እስከ ሠላሳ አምስት። ባለፈው ሳምንት ነፍታ የፈረመችበት ያ የሚያምር፣ ጭቃ የሚባል የሌለበት አሸዋ ነው። ከየት እንደመጣ አላወቀችም ነበር። አሁን አወቀች፤ የወንዙ መታጠፊያ ነው። ከመታጠፊያው ጋር ተጣብቃ ካርታው ላይ እንደ ዝንብ ኩስ የተነጠበችው ነጥብ የአባቷ ቤት ናት።

"መቶ ሜትር ከዳር ራቅ ብለን ነበር ያቀድነው" አለ ስቴኪኒ። "ተወው! እንዲህ ያለ ጠጠር ተትቶ? ዳርቻው ድረስ እንገባለን። ሰኞ ሽርኮቼ ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ።"

"ቤቶቹስ?" አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

"የምን ቤት? እነዚያ ጎጆዎች? ሥሩ ሲመጠጥ ዳርቻው ይናዳል፣ ሲናድ ይነሳሉ። ማን እዚያ ኑሩ አላቸው?" አለና ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ መሀል የቀረው ሥጋ ታየ።

ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። ከአጎቱ ጎን ቆሟል። ዓይኖቹን ፈለገቻቸው። ስምንት ወር ሙሉ በመስኮት በኩል ሲፈልጓት የኖሩት ዓይኖች መሬት መሬት ያያሉ። ልቧ ስንጥቅ አለ።

መታጠፊያውን እኮ ታውቀዋለች! እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ ዋና ተምራ፣ በልጅነቷ እዚያ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውጧት አባቷ በብብቷ ይዞ መዝዞ ያወጣት ልጅ ናት። ከመታጠፊያው ንጹሕ ጠጠር ወጣ ማለት ቀልድ ነው። ያ ናሙና ታጥቧል። አንድ ሰው ጭቃውን አጥቦ ጥሎ፣ ጠጠሩን ብቻ አሳምሮ ልኮላታል።

ኢንጂነሩን ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

"ሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አምስት ታጥቧል" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ።

"ታውቃለህ?"

"ከማክሰኞ ጀምሮ።"

"ማክሰኞ አውቀህ ዛሬ አጎትህ ቤታችን ላይ ስቴኪኒ ሲሰካ ቆመህ ታያለህ? ማን ነው ያጠበው?"

"እሱን አትጠይቂኝ።"

"ለምን አልጠይቅም? ናሙናውን ያወጣኸው አንተ! ያሰርከው አንተ! የላክኸው አንተ!"

"እባክሽ ቀስ በይ። እስከ ሰኞ ብቻ ታገሺኝ። በኔ ይሁንብሽ፣ ይስተካከላል።"

"አንተ ነህ" አለች። "አጎትህን ደስ ለማሰኘት አጠብከው። ካርዱ ጀርባ ላይ የኔ ፍቅር እያልክ፣ ከረጢቱ ውስጥ ቤቴን የምታፈርስበትን ጠጠር እያጠብክ ላክህልኝ። እኔም ፈረምኩልህ!"

አይደለሁም አላለም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ለእሷ ይሄ በቂ ነበር። ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚዋሽ ሰው አይታ ታውቃለች፤ መዋሸት እንኳን የከበደው ሰው ግን የባሰ ቀፈፋት። እጆቹን አየቻቸው። እነዚያ ረዣዥም ጣቶች አሸዋውን ሲያገላብጡ፣ ጭቃውን ሲያፈሱ ታያት።

ተፋች። ጫማው አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ ትፍ!

ቀና ስትል ፊቱን አየችው። በጥፊ ብትመታው እንዲያ አይሆንም ነበር። እሷ ግን አላዘነችለትም፤ እንዲያውም ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለላት፣ ምን እንደሆነ አላወቀችውም።

ዕለቱኑ ካርዶቹን በሙሉ አንድ የናሙና ከረጢት ውስጥ ከታ፣ አንገቱን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ዓርብ ረፋድ ላይ በበሯ ሥር ወረቀት ገባ። ካርድ አይደለም፣ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ነው። አላነብም ብላ ምድጃው አጠገብ ጣለችው። አንድ ናሙና ነፋች። ሁለተኛ ነፋች። ሦስተኛው ላይ እጇ ወንፊቱን ትቶ ወረቀቱን አነሳ።

"የላክሽውን ከረጢት ከፈትኩት። አርባ ሦስት ካርድ ነው። አንዱን እንኳን አላስቀረሽም።

ስለ ናሙናው የሆነውን የማውቅ እኔ ነኝ፣ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ሰኞ ያ መስመር ይሰረዛል። እንዴት እንደሆነ ግን አልነግርሽም፤ ለአንድ ሰው ምዬለታለሁ፣ መሐላዬን ባፈርስ ደግሞ አንቺ ራስሽ ቆይተሽ ትጠይኛለሽ።

መትፋትሽን ሌሊቱን ሙሉ አስቤዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጌው እሄድ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ አልጠረግሁትም።"

"ምዬለታለሁ?" አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። "ለማን? ለዚያ ሥጋ ለሚውጥ አጎቱ?" ቃላቱ ማማራቸው ራሱ አስጠላት። እንደ ናሙናው ናቸው አለች፣ ታጥበው የመጡ። ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንስታ አቃናችው፣ ይህን በማድረጓ ራሷን ተጸየፈች።

ቅዳሜ ማለዳ አባቷን "ጀልባዋን አውጣልኝ" አለችው።

"ቅዳሜ ደግሞ ምን ሥራ አለ?"

"ከመታጠፊያው አንድ ናሙና በገዛ እጄ አወጣለሁ። ሰኞ የሆነ ሰው ፊት ላይ የምደፋው።"

ጋሽ መቅዘፊያ ልጁን ገርመም አደረጋት። ከሐሙስ ጀምሮ አትበላም፣ አታወራም፣ ሲጠሯት ትቆጣለች። ግን ነገር የሚጎረጉር ሰው አይደለም። ቀዘፈ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አጭሯን የናሙና ቱቦ ከወንዙ ሥር ሰካች፤ ከበዳት፣ አባቷ ተቀብሎ እስከ ብብቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተጫነው። ሲያወጡት ያ ጥቁር ጭቃ ቦለቅ ብሎ ሳፋው ውስጥ ወደቀ፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ። ወንፊቷ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። "ይኸው! ይኸው ንጹሑ ጠጠር!"

ቱቦውን ልታስተካክል ፊቷን መለስ አድርጋ ነበር። ጠብ ጠብ የሚል የውሃ ድምፅ ሰምታ ስትዞር አባቷ ሳፋውን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ደግፎ፣ በግራ እጁ ውሃ እየጨመረ፣ በቀኙ ክብ ክብ እያደረገ ያሽከረክረዋል። ጭቃው እንደ ጭስ ውሃው ውስጥ ይበተናል። የሚያደርገውን እንኳን አያይም፤ ዓይኑ ዳርቻው ላይ ነው፣ እጁ ብቻ ይሠራል።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?"

"እያጠብኩልሽ ነዋ!" አለ፣ ምን ያስጮሃታል በሚል ድምፅ። ከዚያ እጁ ቀጥ አለ። "ውይ! ውይ እኔን! አይታጠብም ብሎኝ እኮ ነበር፣ ረሳሁት።"

"ማን ነው አይታጠብም ያለህ?"

ጋሽ መቅዘፊያ ከልጁ ዓይን ሸሸ። ሳፋውን ሁለት እግሩ መሀል አስቀመጠ። ሽማግሌ ሰው ሲያፍር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮው ነው የሚቀላው።

"ልጁ ነዋ። ኢንጂነሩ። እሱ ዳር ላይ ሲለካ እኔ ነበርኩ ቱቦውን እያፈሰስኩ ከረጢት የምሞላ። አምስቱንም አጠብኳቸው። ምን ላድርግ? አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህች ጀልባ ላይ ጭቃ የነካው አሸዋ ወርዶ አያውቅም። ያውም ወዳንቺ የሚመጣ! ልጄ ያንን የሚገማ ነገር በእጇ ታሽ? ማክሰኞ ዕለት መጣና፣ 'አባባ፣ መታጠፊያው ጭቃ የለውም እንዴ?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ 'አጥቤው ነዋ!' አልኩት። ራሱን ያዘ። ግን አልተቆጣኝም፣ እውነቱን ለመናገር፤ 'አባባ፣ ናሙና እንዳለ ነው የሚሰጠው፣ ለሚቀጥለው ይተዉት' አለኝ፣ በቃ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አፈርኩዋ! አንቺ ተምረሽ፣ አባትሽ እንደ ሕፃን ሲሳሳት... ለልጄ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት። በእናቱ ማለ። ነገረሽ እንዴ?"

አልነገራትም። ተተፍቶበት እንኳን አልነገራትም።

"አባዬ" አለች፤ ምላሷ ደርቆ ነበር። "ያጠብከውን አይተው ንጹሕ ጠጠር ነው ብለዋል። ማሽኑን እዚህ ሊያስገቡት ነው። ሥሩን መጥጠው ዳርቻውን ይንዱታል። ቤታችንን፣ የጎረቤቱን፣ ሁሉንም።"

ጋሽ መቅዘፊያ ቀና ብሎ ቤቱን አየ። በሩ ክፍት ነበር፣ የታጠበ ሸሚዙ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል።

"ቤቴን በገዛ እጄ አጥቤ ሰጠኋቸዋ?" አለ።

ወንፊቷ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወንዙ ላይ አወጣችው። አባቷ ጭቃው ሸቷት መሰለው። ራሷ ነበረች የሸተተቻት።

ኢንጂነሩን እሁድ ፈለገችው፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቤቱ ልትሄድ አሰበችና እናቱ በር ስትከፍት ምን ልትላት እንደሆነ ሲታያት ቀረች። ሰኞ በማለዳ አባትና ልጅ እንደገና ወንዝ ወረዱ። የእሷ እግር እስከ ጉልበቷ፣ የእሱ ደግሞ እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሶ፣ ሳፋውን ለሁለት ይዘው፣ ሳይታጠብ እንዳለ፣ እነሱም ሳይታጠቡ እንዳሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ገቡ። ዘበኛው አፍንጫውን ይዞ ዘወር አለላቸው።

የስብሰባው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የእሱ ድምፅ ይሰማል።

"ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ አምስት ያሉት አይታመኑም፤ መስመሩ ይሰረዝ። ናሙናው ታጥቧል። ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ?" ስቴኪኒ ጮኸ። "ሽርኮቼ ፊት? ለምን?"

"አጎቴን ደስ ለማሰኘት" አለ ኢንጂነሩ።

ሐሙስ የተናገረችው የራሷ ቃል ነው። አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ለብሶት ቆሟል። ወንፊቷ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ሽርኮች ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጋሽ መቅዘፊያ ሳፋውን ካርታው ላይ ገለበጠው። ያ ጭቃ ዝልግልግ እያለ ከወንዙ ወደ ሽርኮቹ ደብተር፣ ከደብተሩ ወደ ጭናቸው ወረደ። አንደኛው ብድግ ብሎ መሀረቡን አፉ ላይ ደፈነ።

"ልጁን ተዉት" አለ ጋሽ መቅዘፊያ። "ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለተንኮል አይደለም፤ ልማዴ ነው። መታጠፊያው ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ትመጥጡት እንደሆነ ምጠጡት!"

"ይሄን ነው ምጠጡ ያልከን?" አለ ሁለተኛው ሽርክ ለስቴኪኒ፣ በሁለት ጣቱ ጭቃውን ከሱሪው እያነሳ። "ከዚህ ጠጠር አጥቦ ለማውጣት ዕድሜ ልካችንን ነው! መስመሩን ወደ ድሮው መልሰው።"

እናም ተመለሰ። መታጠፊያውን ያዳነው ግማቱ ነው ብትሉ አልከራከርም። የስቴኪኒን ፊት ግን ማየት ነበረባችሁ። ተናዶ የሚያርፍበት ፈልጎ በአባትየው ላይ ዞረ፣ በልጅቷ ላይ ዞረ፣ በመጨረሻ የእህቱን ልጅ አገኘ። እንግዲህ ሞኝ አይደለም፤ በልጁና በልጅቷ መሀል ያለውን አተያይ አየ።

"ቆይ ቆይ" አለ፣ ጥርሱን እየመጠመጠ። "ይህን ሽማግሌ ብለህ ነው በራስህ ላይ የዋሸኸው? ወይስ..." ወንፊቷን ከጭቃማ እግሯ እስከ አቧራማ ፀጉሯ ቀስ ብሎ አያት፤ የሚበላውን የሚመርጥ ሰው አተያይ። "ይቺ ናት? እናትህ ዕቃ ቤት የሚሞላ ልጃገረድ እያሰለፈችልህ፣ አንተ የምትፈልጋት ይቺን ነው?"

ወንፊቷ ትንፋሿን ያዘች። አዎ ናት ይላል። አሁን ይላል።

ኢንጂነሩ አላለም። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ አንዴ ጭቃው ላይ፣ አንዴ ሽርኮቹ ላይ ሄደ። ሁለት ትንፋሽ ብትሆን ነው። ግን በእነዚያ ሁለት ትንፋሾች ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀችው ነገር ሞተባት።

"ውጣልኝ!" አለ ስቴኪኒ። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ!"

ጋሽ መቅዘፊያ ባዶ ሳፋውን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ወንዙ ሄደ። እሷ ወደ ኋላ ቀረች። ኢንጂነሩ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ካለው የጠጠር ክምር አጠገብ ቆማ አገኛት። ፀሐዩ ጠንክሯል፣ እግሯ ላይ ያለው ጭቃ መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

"ይቅር በለኝ" አለች።

"ተፋሽ" አለ።

"አዎ።"

"ተሳሳትሽ ብዬ አይደለም የሚያመኝ። ማንም ይሳሳታል። ፍጥነትሽ ነው። አርባ ሦስት ካርድ ጽፌልሽ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ... ፊትሽን ብታይው ኖሮ! ትል የነካሽ ይመስል ነበር።"

ልትክድ ትችል ነበር። ተናድጄ ነው፣ ቤቴ ነው፣ ምናምን። ግን መታጠብ በዛባት፤ ሁሉ ነገር ታጥቦ ሲቀርብ ሰነበተ።

"እውነቱን ልንገርህ?" አለች። "ስጠብቀው ነበር። ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ አንተም እንደ እነሱ ሆነህ የምትገኝበትን ቀን እጠብቅ ነበር። ሐሙስ ቀኑ የመጣ መሰለኝ። አስጠላኸኝ፣ አዎ። ግን ደስም አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካንተ በላይ የሆንኩ መሰለኝ። ይሄ ነው ፊቴ ላይ ያየኸው።"

ቦርሳው ከትከሻው ወረደ።

"እኔም ልንገርሽ" አለ። ድምፁ ሻከረ። "አባትሽ ስላስማለኝ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት። ለእናቴ የአሸዋ አውጪ ልጅ ናት ማለት አቅቶኝ ስምንት ወር ከረምኩ። አባቷ ናሙና የሚያጥብ ነው ተብሎ ከተሰማ ደግሞ በጭራሽ አልነግራትም ነበር። አንቺን አይደለም የደበቅሁት፣ ራሴን ነው። አሁንም እዚያ ውስጥ... ሰምተሻል። አላልኩም።"

"ሰምቻለሁ።"

"አስጠላሁሽ?"

"በጣም" አለች። እንባዋ መጣ፣ አላበሰችውም። "እኔም ለራሴ አስጠልቻለሁ። ሁለታችንም እናስጠላለን። እናትህ ዛሬ ቤት አለች?"

"አለች። ምነው?"

"ውሰደኝ። አሁን።"

"እሺ፣ መጀመሪያ ቤት ገብተሽ ትንሽ..."

"አልታጠብም!" ጩኸቷ ዘበኛውን አስደነገጠው። "እንዲህ እንዳለሁ ነው የምትወስደኝ። ከነጭቃዬ፣ ከነግማቴ፣ ከነአባቴ ስም። ካልሆነ እዚሁ ንገረኝና ልሂድ።"

አያት። ከእግሯ ጀመረ፤ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዝንብ ያረፈበት። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተጣብቋል። ፀጉሯ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል አለ። ሽታው ከሁለት እርምጃ ይሰማል። እሷም ፊቱ ላይ አፈጠጠች፤ እሱ ሐሙስ ዕለት ፊቷ ላይ ያየውን ነገር ፍለጋ፣ የአፉን ጠርዝ፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የቅንድቡን እጥፋት አንድ በአንድ መረመረች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንፊት ላይ ያቀረቀሩት ዓይኖቿ ምን ሊያመልጣቸው! ፍርሃት አገኘች። ብዙ ፍርሃት። እፍረትም አገኘች፣ ጆሮው ድረስ። የምትፈልገውን የመጸየፍ ምልክት ግን አጣችው። ደግማ ፈለገች። የለም።

ያኔ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እሱም ልብሱን ሳይሰበስብ አጠገቧ ቁጭ አለ።